የተበጠሰውን ክር ማን ይቀጥለው?

ዛሬ ማታ ብርድ ሲሰማዎት የሚደርቡትን ጋቢ እስቲ ቀረብ አድርገው ይመልከቱት። በስንት ሰው እጅ አልፎ ትከሻዎ ላይ እንደ ደረሰ አስበው ያውቃሉ?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በሮቢት ያደገ ሰው ይህን ለመመለስ አይቸገርም። ሮቢት የራያ ቆላ ናት፤ ፀሐይዋ የበረታ፣ ማሽላ የሚዘራባት። ቆላ ነው ተብሎ ግን ጋቢ አይቀርም። ለሙሽራው፣ ለአራሷ፣ ለሐዘንተኛው ጋቢ ያስፈልጋል። ልጇ ወደ ዐረብ አገር የሄደባት እናትም፣ ሲመለስ የምታለብሰውን እየፈተለች ትጠብቀው ይሆናል።

ብዙ እጅ፣ አንድ ልብስ

ጥጡ መጀመሪያ ፍሬው እንዲወጣለት ይዳመጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፍና ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። እናት አመልማሎውን በእንዝርት ትፈትለዋለች። ፈትሉ ሲበቃ ወደ ሸማኔ ይሄዳል፤ የቆየው ልማድ ሴት ስትፈትል ወንድ ሲሸምን ነውና። ሸማኔው ድሩን አድርቶ ይወጥራል፤ ከዚያ በመወርወሪያው ማጉን በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ሁለት እጥፍ ከሆነ ነጠላ፣ አራት እጥፍ ከሆነ ጋቢ ይባላል።

ልብ ይበሉ! ድሩ በቁመት፣ ማጉ በወርድ ነው የሚሄደው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ኖሮ የክር ጥቅል እንጂ ልብስ ባልተገኘ ነበር። በትዳራችን ግን ብዙ ጊዜ የምንጣላው «ለምን እንደ እኔ አይሆንም? ለምን እንደ እኔ አታስብም?» እያልን ነው። እርሷ ተጫዋች፣ እርሱ ዝምተኛ፤ እርሱ ቸኳይ፣ እርሷ ረጋ ያለች። ይህ ልዩነት የሚጎዳን ሳንገናኝ ጎን ለጎን ስንኖር ነው።

ልብሱን ወደን፣ ሸማኔውን ንቀን

እዚህ ላይ የሚያሳፍር ታሪክ አለን። ያንን ሁሉ ክር የሚያገናኘው ሸማኔ ራሱ ከሰው ተለይቶ ኖሯል። «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ተሰድቧል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ባለ እጆችን በሙያቸው የሚሰድቡትን ሰዎች እስከ መገሠጽ ደርሰዋል። ሠርጋችንን በሸማኔው ሥራ አድምቀን፣ ልጃችንን ለልጁ መዳር ሲመጣ ግን ሸሽተናል። ዐዋጅ ስድብን ይከለክል ይሆናል፤ የተናቀውን ሰው ከማዕዳችን ማስቀመጥ ግን የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው።

ክሩ ሲበጠስ

ጥሩ ሸማኔ ክር ሲበጠስበት አይቶ እንዳላየ አያልፍም። ሥራውን ቆም አድርጎ ጫፍና ጫፉን ይፈልግና ይቀጥለዋል። ዛሬ የታለፈች አንዲት ክር ልብሱ ካለቀ በኋላ ጉድለት ሆና ትታያለችና።

የራያ ሰው መበጠስን በመራራ መንገድ ያውቀዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት ቆቦንና አካባቢዋን ደጋግሞ ደርሶባቸዋል። በብዙ ቤት ሐዘን ገባ። በጋብቻና በገበያ የተሳሰሩ ሰዎች ተለያዩ። በዚሁ ምድር ግን ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ፣ «ዘወልድ» የሚባል የቆየ የሽምግልና ሥርዓት አለ። የሽማግሌዎቹ ሥራ ከሸማኔው ሥራ ጋር ይመሳሰላል። የተበዳዩን ጫፍና የበዳዩን ጫፍ ፈልገው በትዕግሥት ያገናኛሉ። ቋጠሮው ይታይ ይሆናል፤ ልብሱ ግን ይይዛል።

በኢዮጴ የነበረችው ዶርቃ ስትሞት፣ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት በሕይወት ሳለች ያዘጋጀችውን ልብስ ነበር (ሐዋ. 9)። እርሷን ከእነርሱ ጋር ያስተሳሰራት ክር በእጇ ሥራ ውስጥ ነበር።

በእርስዎ ቤትስ የተበጠሰ ክር ይኖር ይሆን? ለዓመታት ስልክ ያልደወሉለት ወንድም? ሰላምታ ያቋረጡት ጎረቤት? «ያንን ነገር ያኔ አጥፍቻለሁ» ሊሉት የሚገባ ልጅ? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። ድሩ እንዲያብር ግን አስቀድሞ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን ጫፍ መፈለግ አለበት። በዚህ ሳምንት ያ ሰው እርስዎ ይሁኑ።