ኦቲዝምና የዕለት ተዕለት ሥርዓት፦ የሚገመት ቀን ለምን ይጠቅማል?

የሰው አእምሮ ቀጥሎ የሚሆነውን ዘወትር ይገምታል። ቡና ሲቆላ ጎረቤት እንደሚጠራ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ዝናብ እንደሚከተል አስቀድመን እናውቃለን። ግምቱና የሆነው ነገር ሲገጣጠሙ አእምሮ ያርፋል፤ ሲለያዩ ግን ይነቃል፣ ይፈትሻል፣ አንዳንዴም ይደነግጣል። ኦቲዝም ላለበት ሰው ይህ ድንጋጤ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ሊከሰት ይችላል። ቅደም ተከተሉ የታወቀ የዕለት ሥርዓት የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። በተግባቦት፣ ከሰዎች ጋር በሚኖር ግንኙነት፣ እንዲሁም ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን በመቀበል ረገድ ይገለጣል፤ መጠኑም ከሰው ሰው ይለያያል። የእርግማን ወይም የአስተዳደግ ጉድለት ውጤት አይደለም። ሊዮ ካነር የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ልጆቹ ነገሮች ሁሉ እንደነበሩ እንዲቆዩ ብርቱ ፍላጎት እንዳላቸው መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ፓዋን ሲንሃና ባልደረቦቻቸው፣ የኦቲዝም አንዱ መሠረት ቀጣዩን ነገር የመገመት ችግር ሊሆን ይችላል የሚል መላምት አቀረቡ። በጫጫታ ውስጥ ራዲዮ ለሚያዳምጥ ሰው ቀድሞ የሚያውቀው ዜማ ከአዲሱ ይልቅ በቀላሉ እንደሚለይ ሁሉ፣ የታወቀ ቅደም ተከተልም የቀኑን ጫጫታ ይቀንሳል።

በአገራችን የተጀመረው

ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2020 ድረስ ስለ ጉዳዩ በአደባባይ ተናግረዋል። ዝምታውን መስበር ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት በአዲስ አበባ ከተጠየቁ 102 አሳዳጊዎች 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ገልጸዋል። የሚያፍር ቤተሰብ ልጁን ይደብቃል፤ የተደበቀ ልጅም የመማር ዕድሉን ያጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና ለኢትዮጵያም ተስማምቶ የተሞከረው የአሳዳጊዎች ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። መነሻው ወላጁ በየቀኑ የሚያከናውነው ተግባር ነው፤ ልጁ በመመገብ፣ በመታጠብና በጨዋታ መካከል እንዲማር ይደረጋል። ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሮቤ ዙሪያ ለሚኖር የሲናና ቤተሰብ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ማዕከሉ ሩቅ ነው፤ ቤቱና የቤቱ ሥራ ግን ቅርብ ናቸው።

ሥርዓቱ በሲናና ቤት

የመጀመሪያው ረዳት ፀሐይ ናት። ሲናና ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሰባት ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። በስቶክሆልም ልዩነቱ ከ12 ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ የእጅ ሰዓት በሌለበት ቤት እንኳ የቀኑን ሥርዓት ከፀሐይ መውጣትና መጥለቅ ጋር ማያያዝ ይቻላል፦ ሲነጋ ፊት መታጠብ፣ ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ጥጆችን ማውጣት፤ ሲመሽ ከብቶች ሲገቡ እግር መታጠብ፣ ራት፣ መኝታ።

ሁለተኛው የሚታይ ምልክት ነው። በሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1972 የተጀመረው ቲች የተሰኘው የትምህርት ዘዴ የቀኑን ተግባራት በሥዕል ወይም በዕቃ በተርታ ያሳያል። ሥዕል ባይኖር ዕቃው ራሱ ይበቃል፤ ጆግ መታጠብን፣ ሳህን ምግብን፣ ጫማ ከቤት መውጣትን ያመለክታል። ከዕቃው ጋር የሚነገረው ቃል አጭርና ሁልጊዜም ያው ይሁን፤ ቋንቋውም ቤተሰቡ የሚግባባበት፣ አፋን ኦሮሞም ሆነ አማርኛ። ልጁም ከሥራው ቢያንስ የመጨረሻዋን እርምጃ ራሱ ይፈጽም፤ ሲለምዳት ከእርስዋ በፊት ያለችው ትጨመር።

ለውጥ ሲመጣ

ሥርዓት ግን እስር ቤት መሆን የለበትም። በሲናና በበልግም በመኸርም ስለሚመረት የአጨዳ ወቅት በዓመት ሁለት ጊዜ የቤቱን አሠራር ይለውጣል። ለውጡ ከመድረሱ ቀናት አስቀድሞ ለልጁ የስንዴ ዛላ እያሳዩ መንገር፣ ቁርሱንና የመኝታ ሰዓቱን ግን እንደነበሩ ማቆየት ይጠቅማል። የኮምባይነር ድምፅ የሚያስጨንቀው ከሆነ በሩቁ ይጀመር። በገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል ወደ ሩብ ያህል ይወርዳል። ልጁ ሲረጋጋ ቀስ በቀስ ማቅረብ፣ ጆሮውን ሲይዝ መመለስ ነው።

ልጁ ሲጮኽ ወይም መሬት ላይ ሲወድቅ ከመቆጣት በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ዛሬ ሳንነግረው ምን ለወጥን? የሚጥል በሽታ ምልክት ከታየ ወይም ልጁ ቀድሞ ያውቃቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ሥርዓት ኦቲዝምን አያጠፋም፤ ዓላማውም ይህ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ ከፍርሃት የተረፈውን ጉልበት ለመማር፣ ለመጫወትና ከሰው ጋር ለመሆን ያውለዋል።