የታዳጊዎቹ አሠልጣኝ

የስፖርት አሠልጣኝነት ድካሙ ብዙ፣ ምስጋናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሰው የሚደርስ ሙያ ነው። ግብ ሲቆጠር ተመልካቹ የሚያነሣው የአግቢውን ስም ነው፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ግን በቅድሚያ የሚጠየቀው አሠልጣኙ ነው። የታዳጊዎች አሠልጣኝ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለበት። ተጫዋቾቹ የዕድሜ ገደቡን ሲያልፉ ቡድኑን ይለቃሉ፤ አሠልጣኙም የገነባውን አስረክቦ ሥራውን ከመሠረቱ ይጀምራል። የኬንያን ከ17 ዓመት በታች የልጃገረዶች ብሔራዊ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ያበቁት የአሠልጣኝ ሚልድረድ ቼቼ ሥራ የዚህን ሙያ ጠባይ በግልጽ ያሳያል።

የኬንያ እግር ኳስ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በአስቸጋሪ ጊዜ ውስጥ አልፏል። መንግሥት በፌዴሬሽኑ አስተዳደር ጣልቃ በመግባቱ ምክንያት ፊፋ በየካቲት 2014 ዓ.ም. አገሪቱን ከውድድር አገደ። እገዳው የተነሣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር። ለአዋቂ ተጫዋች ጥቂት ወራት የሚታገሡት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ለታዳጊ ተጫዋች ግን እንዲህ አይደለም፤ ዕድሜዋ ከገደቡ ካለፈ ያመለጣት ዕድል ተመልሶ አይመጣምና።

ከ17 ዓመት በታች የልጃገረዶች ዓለም ዋንጫ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. በኒውዚላንድ ነው። በ2017 ዓ.ም. በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በተደረገው ውድድር ለአፍሪካ የተሰጠው ቦታ ሦስት ብቻ ነበር። ማጣሪያው የሚካሄደው በደርሶ መልስ ስለሆነ ሁለቱ ተጋጣሚዎች ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ፤ የሁለቱም ጨዋታዎች ግቦች ተደምረው አላፊው ይለያል። ስለዚህ አሠልጣኙ የዕለቱን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

የኢትዮጵያና የኬንያ ታዳጊዎች በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተገናኙ። አዲስ አበባ ላይ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም የተደረገው የመጀመሪያው ግጥሚያ ያለ ግብ ተፈጸመ። ከሳምንት በኋላ ግን በናይሮቢ ከተማ ኡሊንዚ በተባለው የስፖርት ማዕከል የኬንያ ልጃገረዶች 3 ለ 0 አሸነፉ። ኡሊንዚ በስዋሂሊ ቋንቋ መከላከያ ማለት ነው። በተከታዩ ወር ብሩንዲን በሁለት ጨዋታዎች በድምሩ 5 ለ 0 ረትተው ለዓለም ዋንጫ አለፉ። ከዚያ በፊት ማንኛውም የኬንያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን፣ የወንዶችም ሆነ የሴቶች፣ ለፊፋ የዓለም ዋንጫ በቅቶ አያውቅም ነበር።

ከቡድኑ አባላት አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ተማሪዎችን ማሠልጠን የአካል ብቃትንና የኳስ ጥበብን ከማስተማር ያልፋል። ልጅቱ ከቤተሰቧ ርቃ እንዳትጨነቅ፣ ስትሸነፍም ተስፋ እንዳትቆርጥ መምከር የአሠልጣኙ ኃላፊነት ነው።

ይህ ምክር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በዓለም ዋንጫው ላይ ታየ። የኬንያ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ግጥሚያዎች በእንግሊዝ 2 ለ 0፣ በሰሜን ኮሪያ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ሰሜን ኮሪያ በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ነው። ኬንያውያን ልጃገረዶች ግን በዚህ ሳይበገሩ በሦስተኛው ጨዋታ ሜክሲኮን 2 ለ 1 ድል አደረጉ። ውጤቱ ከምድቡ ባያሳልፋቸውም በዓለም ዋንጫ የተመዘገበ የመጀመሪያው የኬንያ ድል ሆነ።

በዚያው ዘመን ሌሎች ኬንያውያን ሴት አሠልጣኞችም ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። ጃክሊን ጁማ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤፍሲ ታላንታ የተባለውን የወንዶች ክለብ በመረከብ በኬንያ ፕሪሚየር ሊግ ዋና አሠልጣኝ የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ቤልዲን ኦዴምባ ደግሞ የኬንያን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተዋል፤ ቡድኑ ቀደም ሲል በዚህ ውድድር የተሰለፈው በ2009 ዓ.ም. ብቻ ነበር።

ሜክሲኮን ያሸነፉት ልጃገረዶች ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ቡድኑን ለታናናሾቻቸው መልቀቃቸው አይቀርም። የታዳጊዎች አሠልጣኝ የድካሙን ፍሬ ለሌላ ቡድን አሳልፎ ይሰጣል። በመሆኑም የሥራው መለኪያ የተገኘው ዋንጫ ብቻ አይደለም። ለሚቀጥሉት ልጆች የከፈተው መንገድም አብሮ ሊመዘንለት ይገባል።