ኒውትሪኖን ማን አቀለለው?

ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰርን በተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል ውስጥ ከተገኘ ወዲህ አንድ አባባል በየቦታው ሥር ሰዷል፦ «ለነገር ሁሉ መጠነ ቁስ የሚሰጠው ሂግስ ነው»። «የፈጣሪ ቅንጣት» የሚሉትማ አሉ፤ እነሱን ልለፋቸው። አባባሉ ለኤሌክትሮን ይሠራል። ለገዛ ሰውነታችን እንኳ ብዙም አይሠራም፤ የፕሮቶንና የኒውትሮን መጠነ ቁስ በአብዛኛው የሚመጣው ኳርኮችን አፍኖ ከያዘው ጉልበት ነው፣ የሂግስ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ኒውትሪኖ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ አባባሉ ጭራሹን ይሰናከላል።

ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው፣ ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ ቅንጣት ነው። ከፀሐይ ብቻ በየሰከንዱ ከ60 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በአንድ አውራ ጣት ጥፍር ያልፋሉ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1930 አለ ብሎ ገመተ፤ ራይነስና ካዋን በ1956 አገኙት። ሦስት ዓይነት አለው። ለትውውቅ ይህ ይበቃል።

መጠነ ቁስ የለውም ሲባል ኖሮ፣ በ1998 ጃፓን ከተራራ ሥር የተቀበረው ሱፐር-ካሚዮካንዴ ኒውትሪኖዎች በጉዞ ላይ ሳሉ ዓይነታቸውን እንደሚለውጡ አሳየ። ሦስቱም መጠነ ቁስ አልባ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። እዚህ ላይ «በቃ፣ መጠኑ ተለካ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ያናድዱኛል። መለዋወጡ የሚነግረን በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ የእያንዳንዱን መጠን አይደለም። ከልዩነቱ ተነሥተን፣ ቢያንስ አንዱ ከ0.05 ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት መጠነ ቁስ መለኪያ) ገደማ እንደማያንስ እናውቃለን። ከላይ በኩል፣ ጀርመን ካርልስሩኸ ውስጥ ያለው ካትሪን የተባለ ሙከራ በ2025 ጣሪያውን 0.45 ላይ አድርሶታል። የኤሌክትሮን 511,000 መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ሂግስ ልመለስ። እንደ ኤሌክትሮን ያለ ቅንጣት ግራ-ዞርና ቀኝ-ዞር የሆኑ ሁለት ገጾች አሉት። የሂግስ መስክ ሁለቱን ያጣምራል፤ ጥምረቱ በጠነከረ መጠን ቅንጣቱ ይከብዳል። ኒውትሪኖን ግን፣ ጎልድሃበርና ባልደረቦቹ በ1958 ካደረጉት ሙከራ ጀምሮ፣ የምናውቀው በግራ-ዞርነቱ ብቻ ነው። ቀኝ-ዞሩን ያየ የለም። ሂግስ የሚያጣምረው ጓደኛ አጣ ማለት ነው።

«ያልታየ ቀኝ-ዞር አለ በልና ጨርሰው» ሲል አንድ የፊዚክስ መምህር ወዳጄ ተከራክሮኛል። ማለት ይቻላል፣ ሒሳቡም አይፋለስም። ግን ያ ጥምረት ከኳርኮች ሁሉ ከባድ ከሆነው ከቶፕ ኳርክ ጋር ሲነጻጸር በትሪሊዮኖች እጥፍ የደከመ መሆን አለበት። ለምን? ወዳጄ «ቁጥር ቁጥር ነው» ብሎ ሻዩን ጨለጠ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይጠየቅ ሲታለፍ ደስ አይለኝም።

የምወደው መልስ የሚጀምረው ከዚያው ካልታየው ቀኝ-ዞር ነው። ይህ ቅንጣት ምንም ዓይነት ሙል የለውም። ሙል የሌለው ቅንጣት ደግሞ የራሱ ተቃራኒ (ፀረ-ቅንጣት) ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጣሊያናዊው ኤቶሬ ማዮራና በ1937 አሳይቷል፣ በዓመቱ መርከብ ተሳፍሮ ደብዛው ጠፋ እንጂ። እንዲህ ከሆነ ቀኝ-ዞሩ ሂግስን ደጅ ሳይጠና የራሱ መጠነ ቁስ ይኖረዋል፣ ይህን ያህል ብቻ ይሁን የሚል ሕግም የለም። እጅግ ከባድ ነው እንበል። ስሌቱ ሲሠራ ግራ-ዞሩና ቀኝ-ዞሩ ይደባለቁና ሁለት ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ አንዱ ከባድ፣ ሌላው ቀላል። ግንድ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ጫፍና ጫፍ የተቀመጡ ሁለት ልጆችን አስቡ፤ አንዱ በወረደ ቁጥር ሌላው ይወጣል። ሊቃውንቱም ለዚህ ሐሳብ ስም የሰጡት ከዚሁ ጨዋታ ነው። ከባዱ በከበደ ቁጥር ቀላሉ ይቀላል።

ስሌቱን ወረቀት ላይ ሞክሩት። ሂግስ የሚሰጠውን መጠን ራሱን በራሱ አባዙ፣ ለከባዱ አካፍሉ፤ የሚወጣው የኒውትሪኖ መጠነ ቁስ ነው። ለሂግስ ድርሻ የቶፕ ኳርክን ያህል፣ 173 ቢሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ስጡት። ውጤቱ 0.05 እንዲሆን ከባዱ የፕሮቶንን 600 ትሪሊዮን እጥፍ ያህል መሆን አለበት። የሰርን ታላቁ የቅንጣት ማጋጫ ከሚደርስበት ጉልበት በ40 ቢሊዮን እጥፍ ይርቃል። ሂግስ ከጨዋታው እንዳልወጣም አስተውሉ፤ ብቻውን ግን አይደለም። ደግሞ ይህን 600 ትሪሊዮን እንደ ተለካ ነገር የሚጠቅሱ አሉ፤ ያልታየ ቅንጣት አልተለካም። የሂግስን ድርሻ ካሳነስነው ከባዱም አብሮ ያንሳል።

ሐሳቡን መጀመሪያ ያወጣው ፔተር ሚንኮውስኪ ነው፣ በ1977። ጽሑፉ ግን በርእሱ ሙዮን ስለተባለ ሌላ ቅንጣት ፍርሰት ስለነበረ ለብዙ ጊዜ ልብ ያለው አልነበረም። በ1979 እና በ1980 ያናጊዳ፣ ጌል-ማንና ባልደረቦቹ፣ ሞሃፓትራና ሴንያኖቪች በየፊናቸው ደረሱበት። ስቲቨን ዋይንበርግም በ1979 ለኒውትሪኖ መጠነ ቁስ የሚሰጠው የትኛውም ከባድ ቅንጣት ቢሆን በሩቅ ሲታይ አንድ ዓይነት አሻራ እንደሚተው አሳየ። ለዚህ ነው ተፎካካሪ ሞዴሎች የበዙት፦ በከባዱ ኒውትሪኖ ፈንታ ሌላ ዓይነት ሂግስ የሚያስገቡ አሉ፤ ኤርነስት ማ በ2006 ያቀረበው ደግሞ መጠነ ቁሱን ከጥቁር ቁስ ጋር ያያይዘዋል።

የማዮራና ግምት መፈተኛው ኒውትሪኖ-አልባው ድርብ የቤታ ፍርሰት ነው። በአንድ ኒውክለስ ውስጥ ሁለት ኒውትሮኖች ባንድ ጊዜ ፕሮቶን ሆነው ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ቢወጣ፣ ኒውትሪኖ የራሱ ተቃራኒ ራሱ ነው ማለት ነው። ጃፓን ካሚዮካ ውስጥ በዜኖን፣ ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር በጀርማኒየም ሲፈለግ ቆይቷል፤ እስካሁን አልታየም። ቢታይ የማዮራና ግምት ልክ ይሆናል። የሳንቃው ሞዴል ግን ያኔም ተረጋገጠ አይባልም፤ ተፎካካሪዎቹ አብዛኞቹ ያንኑ ፍርሰት ይተነብያሉና።