የናይሮቢ መካነ መቃብርና ስማቸው ያልተቀረጸ ሙታን

ናይሮቢ ዛሬ ከምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ከተሞች አንዷ ብትሆንም አነሳሷ የሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ሥራው ከሞምባሳ የተጀመረው የኡጋንዳ ምድር ባቡር በ1899 ማሳዮች በ«ቀዝቃዛ ውኃ» ስም ከሚጠሩት ረግረጋማ ሜዳ ሲደርስ ድንኳን ተተከለ፤ መጋዘን ተሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ መቃብር ተቆፈረ።

ከእነዚያ ዘመናት በቀረው የደቡብ ናይሮቢ መካነ መቃብር ውስጥ ዝናው የገነነው የቻርልስ ራያል መቃብር ነው። ይህ የባቡር ፖሊስ ሹም በ1900 ኪማ ጣቢያ ላይ ሰው በላ አንበሳ ለመግደል ፉርጎ ውስጥ አድፍጦ ሳለ እንቅልፍ ጣለውና በዚያው አንበሳ ተበላ። ለዚሁ ሐዲድ ሥራ ከሕንድ ከመጡት ከ30,000 የሚበልጡ ላብ አደሮችም 2,500 ያህሉ በበሽታና በአደጋ አልቀዋል። ለሹሙ የቆመው ዓይነት ድንጋይ ግን ለአብዛኞቹ አልቆመም።

ይኸው አድልዎ በጦርነትም ተደገመ። ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ የጭነት ከብት በቆላ ዝንብ ስላለቀ፣ የእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት የተጓጓዘው በአፍሪካውያን ትከሻ ነበር። ከተሸካሚዎቹ 95,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። በናይሮቢ ካሪያኮር የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእነርሱ ጓድ ነው። በ1928 በመሐል ከተማ የቆመው ሐውልትም የተሸካሚን ምስል ይዟል፤ የሟቾቹ ስም ግን አንድም አልተጻፈበትም።

መቃብሩ ያልታወቀን ሟች በስም ማሰብ እንደሚቻል እዚያው ናይሮቢ ምስክር አለ። በ1941 ከኬንያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በዘለቀው ዘመቻ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ወታደሮች፣ በንጎንግ መንገድ ባለው የጦር መካነ መቃብር ስማቸው ተቀርጾላቸዋል።

የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሟቾች ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች፣ በስም ሳይታሰቡ ወይም ጨርሶ ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ከምክንያቶቹም አንዱ የዘር ንቀት መሆኑን አልሸሸገም።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ጦር ያለ ስንቅ አንድ እርምጃ እንደማይራመድ ለምናውቅ ለእኛ፣ ያንን ስንቅ ተሸክሞ የወደቀው ሰው ስም ከተዋጊው ስም የሚያንስበት ምክንያት አይታየንም። የጠፋውን ስም ከየመዝገቡ ፈልጎ ድንጋይ ላይ ማስፈር በሕይወት ያለው ትውልድ ዕዳ ነው።