ጊዜያዊ አሰልጣኝ፦ መድኃኒት ነው ወይስ ማስታገሻ?

በየዓመቱ ሊጉ ትንሽ እንደተጓዘ የማይቀር ዜና አለ፤ "ክለቡ ከዋና አሰልጣኙ ጋር ተለያየ፤ ምክትሉ ቡድኑን በጊዜያዊነት ይመራል" የሚል። ዜናው ሁለት መስመር ነው፤ ክርክሩ ግን ሳምንት ይቆያል። መናኸሪያ አካባቢ ባሉ ቡና ቤቶች ግማሹ ሰው "ምክትሉ ይቀጥል፣ ልጆቹን ያውቃቸዋል" ሲል፣ ሌላው "ምክትል ምን ሊያመጣ? ስም ያለው ይቅጠሩ እንጂ!" ይላል።

ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ዛሬ የጊዜያዊ አሰልጣኝን ጥቅምና ጉዳት በአገራችንም በውጭም ከታዩ ነገሮች ጋር እያያዝን እንመልከት። ጉዳዩ የኳስ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹ የከተማ ክለቦቻችን የሚንቀሳቀሱት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው። ውል ያለው አሰልጣኝ ሲሰናበት የሚከፈለው ካሳም፣ ለአዲሱ የሚከፈለው ደሞዝም ዞሮ ዞሮ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ለመሆኑ ጊዜያዊ አሰልጣኝ ማነው?

ዋናው አሰልጣኝ ሲሰናበት ወይም በራሱ ፈቃድ ሲለቅ፣ ቋሚ ሰው እስኪገኝ ድረስ ቡድኑን የሚይዝ ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ ምክትሉ ወይም የታዳጊ ቡድኑ አሰልጣኝ ይሆናል። አውቶቡስ ተሳፋሪ ጭኖ ግማሽ መንገድ ላይ ሹፌሩ ቢታመም፣ ያኔ የሚፈለገው መንጃ ፈቃድ ያለውና መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለ አዲስ መኪና የሚወራው መናኸሪያ ከተደረሰ በኋላ ነው። ጊዜያዊው አሰልጣኝም እንደዚሁ ነው። ተጫዋቾቹን አልመረጣቸውም፣ የዝውውር መስኮቱ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፣ ባለው ይጫወታል።

ጥቅሙ ምንድነው?

አንደኛ፣ ክለቡ ሳይቸኩል እንዲመርጥ ፋታ ይሰጠዋል። ሽንፈት በተደራረበበት ሳምንት፣ ደጋፊው እየጮኸ የሚፈረም የሁለት ዓመት ውል ብዙ ጊዜ ያስቆጫል።

ሁለተኛ፣ ቤቱን ያውቃል። ማን ጉዳት ላይ እንዳለ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ያለ ቦታው እንደተሰለፈ ለማወቅ ወር አይፈጅበትም። ይሄ በእኛ ሊግ ትልቅ ነገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ስለሚካሄድ ቡድኖች ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣሉ፤ ጨዋታው በየጥቂት ቀኑ ይመጣል። ከውጭ የሚመጣ አዲስ አሰልጣኝ የተጫዋቾቹን ስም ለይቶ ሳይጨርስ ሦስት አራት ጨዋታ ሊያልፈው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ የከረመው ልጅ ይነቃል። አሰልጣኝ ሲቀየር ሁሉም ከዜሮ ስለሚጀምር ልምምዱ ይሞቃል።

አራተኛ፣ የአገር ውስጥ አሰልጣኝ የሚወጣበት በር ነው። የቅርብ ምሳሌው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ክለቡ ከ2009 ዓ.ም. በኋላ ዋንጫ ርቆት ነበር። ለ2014 የውድድር ዓመት ሰርቢያዊውን ዝላትኮ ክራምፖቲችን ቀጠረ። ሊጉ እዚሁ ሀዋሳ ላይ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን ክለቡና ሰውዬው ተለያዩ፤ ቡድኑን ምክትሉ ዘሪሁን ሸንገታ ተረከቡ። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ ፈረሰኞቹ የ2014ን ዋንጫ አነሱ፣ በ2015ም ደገሙት። ስም ፍለጋ ባሕር ማዶ የተሄደለት መፍትሔ ምክትሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

በአህጉራችን ደግሞ ከኮትዲቯር የሚበልጥ ታሪክ የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በራሷ ሜዳ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አሰልጣኙ ዣን ሉዊ ጋሴ ውድድሩ ሳያልቅ ተሰናበቱ። የአገሪቱ ፌዴሬሽን ኤርቬ ሬናርድን ከፈረንሳይ ሴቶች ቡድን ለመዋስ ሞክሮ አልተሳካለትም። ቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ለማያውቀው ምክትል ለኤመርስ ፋኤ ተሰጠ። ኮትዲቯር ሴኔጋልን፣ ማሊን፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎን ጥላ በፍጻሜው ናይጄሪያን 2 ለ 1 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች።

ታዲያ ጉዳቱስ?

የመጀመሪያው ጉዳት የሥልጣን ማነስ ነው። ተጫዋቹ "ይሄ ሰውዬ ከወር በኋላ የለም" ብሎ ካሰበ ቅጣቱን አይፈራም፣ ምክሩንም በግማሽ ጆሮ ነው የሚሰማው። ጊዜያዊው አሰልጣኝም ይህን ስለሚያውቅ ታዋቂውን ተጫዋች ለማስቀመጥ ይፈራል። ለወጣት ዕድል ከመስጠት ይልቅ የዛሬዋን ነጥብ ያሳድዳል።

ሁለተኛው ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ነው። አሰልጣኝ ተቀየረ፣ ቡድኑ ሁለት ሦስት ጨዋታ አሸነፈ፤ ወዲያው "ችግሩ ሰውዬው ነበር" እንላለን። ግን አሰልጣኝ የሚባረረው መቼ ነው? ቡድኑ በጣም በወረደበት ሰዓት ነው። ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ብዙ ጊዜ የግድ ነው። የተጎዳው ይመለሳል፣ ከባዱ ተጋጣሚ ያልፋል፣ በእንጨት የተመለሰው ኳስ ይገባል። ጉንፋን የያዘው ሰው በሰባተኛው ቀን መድኃኒት ወስዶ በስምንተኛው ቢሻለው መድኃኒቱን ያመሰግናል፤ ባይወስድም ይሻለው ነበር። ባስ ቴር ዌል የተባለ ኢኮኖሚስት የኔዘርላንድን ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 አጥንቶ ያገኘው ይህንኑ ነው። አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦች ውጤታቸው ተሻሽሏል፤ ነገር ግን በተመሳሳይ የውጤት ቀውስ ውስጥ ሆነው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩትም እንደዚያው ተሻሽለዋል።

ማንችስተር ዩናይትድ በዚህ ተሸውዷል። ሶልሻየር በጊዜያዊነት ከመራቸው 19 ጨዋታዎች 14ቱን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የቋሚነት ውል ሲፈርም ያልተደሰተ ደጋፊ አልነበረም። ከፊርማው በኋላ በነበሩት የዚያ ዓመት ቀሪ 10 ጨዋታዎች ያሸነፈው ግን ሁለቱን ብቻ ነው። ቼልሲም በ2012 በጊዜያዊው ዲ ማቴዮ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ወስዶ ቋሚ ካደረገው በኋላ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አባሮታል። ይኸው ክለብ በ2023 ላምፓርድን በጊዜያዊነት አምጥቶ በ11 ጨዋታ አንድ ብቻ አሸንፏል። ስለዚህ ስምም ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳት ውሳኔ ማስተላለፍ ነው። "ጊዜያዊ" የሚለው ቃል ለቦርድ ምቹ መሸሸጊያ ነው። ሰውዬው ካሸነፈ "እኛ ነን የመረጥነው"፣ ከተሸነፈ "ጊዜያዊ ነው እኮ"። በዚህ መሃል የውድድር ዓመቱ ያልቃል። የእኛ ተጫዋቾች ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ማን ይታደስ፣ ማን ይሂድ የሚለውን የሚወስን ሰው በሌለበት ክረምቱ ከገባ፣ ጥሩ ጥሩው ተጫዋች ሌላ ክለብ ፈርሞ ይጠብቃችኋል።

በነገራችን ላይ አሜሪካኖች ራሳቸው "ፉትቦል" በሚሉት፣ ኳሱ በእጅ በሚያዝበት የዩኒቨርሲቲዎች ውድድርም ትልቁ ፈተና ይሄ ነው። እዚያ ተጫዋቾቹን ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አግባብቶ የሚያመጣው አሰልጣኙ ስለሆነ፣ እሱ ሲሄድ ልጆቹም ሊከተሉ ይችላሉ። የጊዜያዊው ዋና ሥራ ልጆቹን ይዞ ማቆየት ነው። ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በውድድር አጋማሽ ቡድኑን ለረዳት አሰልጣኙ ዳቦ ስዊኒ ሰጠ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ቋሚ አደረገው። ሰውዬው የ2016ን እና የ2018ን የውድድር ዓመት ብሔራዊ ዋንጫዎች አመጣላቸው።

አራተኛው ጉዳት የሚያርፈው በራሱ በምክትሉ ላይ ነው። ቋሚው አሰልጣኝ ሲመጣ የራሱን ረዳቶች ይዞ ነው የሚመጣው። ትናንት ቡድኑን ያዳነው ሰው ዛሬ የቀድሞ ወንበሩን እንኳ ሊያጣ ይችላል።

ዋልያዎቹስ?

ብሔራዊ ቡድናችን ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መማሪያ ነው። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በአልጄሪያ 7 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ ዮሐንስ ሳህሌ ከቡድኑ ተለያዩ። ለቀሩት ሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች ገብረመድኅን ኃይሌ በጊዜያዊነት ተጠሩ። ሌሶቶን በሜዳዋ 2 ለ 1፣ ከዚያም በነሐሴ ወር ሲሸልስን እዚሁ ሀዋሳ ስታዲየም ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሁለት ከሁለት! ይሁን እንጂ ቋሚ አልሆኑም፤ በ2009 ቡድኑ ለአሸናፊ በቀለ ተሰጠ። ገብረመድኅን ደግሞ በ2010 ከጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር የሊጉን ዋንጫ ወሰዱ። ፌዴሬሽኑ በ2016 ዓ.ም. መልሶ ጠራቸው።

ያ ሁለተኛ ዙር ግን አልተሳካም። በ2017 መጀመሪያ መሳይ ተፈሪ በጊዜያዊነት ያዙት። ኅዳር ላይ በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከሦስት ቀን በኋላ ኪንሻሳ ላይ ዲሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፍን። አንዱን ብቻ ያየ ሰው አሰልጣኙን ሊያባርር ወይም ሐውልት ሊያቆምለት ይችላል። ኮንጎ ማጣሪያውን ቀድማ ማለፏን የሚያስታውስ ግን ረጋ ይላል። በሁለት ጨዋታ ሰው አይመዘንም።

እና ምን ይሻላል?

ጊዜያዊ አሰልጣኝ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። የሚያበላሸው "ጊዜያዊ" የሚለው ቃል መጨረሻ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ክለባችን ነገ ምክትሉን ሲሾም "ጥሩ ነው? መጥፎ ነው?" ብለን ከመጨቃጨቃችን በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ፦

1. እስከ መቼ? ቀኑ ወይም የጨዋታው ቁጥር በግልጽ ይነገር። "ቋሚ እስኪገኝ" ቀን አይደለም።

2. በምን ሥልጣን? አሰላለፉን፣ ቅጣቱን፣ ስለ ተጫዋች ውል የሚሰጠውን አስተያየት ቦርዱ ያከብርለታል? ወይስ ስም ብቻ ነው?

3. ከዚያስ? ቢሳካለት በምን ይመዘናል? ባይሳካለት የቀድሞ ሥራው ይጠብቀዋል? ይሄ በጽሑፍ ካልሰፈረ ጎበዝ ምክትል ኃላፊነቱን ለመቀበል ይፈራል።

መመዘኛው ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የሦስት ጨዋታ ነጥብ ከመቁጠር ይልቅ ቡድኑ ስንት የግብ ዕድል ፈጠረ፣ ስንት ፈቀደ፣ የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች በጉልበት ጨረሰ ወይ፣ ልምምድ ላይ ሥነ ሥርዓት አለ ወይ የሚለውን ማየት ይሻላል። ዕድል ያመጣው ነጥብ ያልቃል፤ እነዚህ ግን ይቆያሉ።

የሀዋሳ ሰው በ1996 እና በ1999 የሊግ ዋንጫ ከተማው ሲገባ አይቷል። ኃይቆቹን ላለመውረድ ሲሟገቱ ማየት የሚከብደው ለዚህ ነው። የሚከፍል ሕዝብ ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ለምክትል ዕድል መስጠት ነው የሚያዋጣው፣ ወይስ ወዲያው ቋሚ መቅጠር? ሐሳባችሁን ጻፉልን፤ ለኳስ ወዳድ ጓደኞቻችሁም አጋሩ። ቸር እንሰንብት!