የተመጣጠነ ጥማድ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱው ባለ አንድ በሬ ከሆነ ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ በየተራ ያርሳል፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። ታዲያ የበሬዎቹ ጉልበት ሳይተያይ መጥመድ አይገባም። ብርቱው ከደካማው ጋር ቢጠመድ ማረሻው የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነውና።

ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር ስትገጣጥሙም ይህንኑ አስቡ። ፕሮሰሰር የተባለው ክፍል የጨዋታውን ሂደት ያሰላል፤ ተጫዋቹ የት እንደ ቆመ፣ ኳሷ ወዴት እንደ ነጠረች ይወስናል። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ያንን ተቀብሎ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል ይሥላል። አንደኛው በሰኮንድ ለ100 ምስሎች ሲበቃ ሌላው ከ50 የማያልፍ ቢሆን፣ የምታዩት 50ውን ብቻ ነው። በግ ተሸጦ የተገኘ ገንዘብ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ 75 ዋት ብቻ የሚበላውን ጂቲኤክስ 1650 የተባለ ካርድ እንውሰድ። ለዚህ መጠነኛ ካርድ በ2020 የወጣው ባለ አራት ኮሩ ኮር አይ3 10100 ይበቃዋል፤ ከዚያ የበለጠ ውድ ፕሮሰሰር መግዛት ትርፉ እምብዛም ነው። ሻጩ «አይ7 ነው» ቢላችሁም ትውልዱን ጠይቁ፤ የ2011ዱ አይ7 2600 በፍጥነት ከዚህ አይ3 ያንሳልና።

ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነስ? በጨዋታው ውስጥ ሪዞሉሽን የሚባለውን የምስል ነጥቦች ብዛት ዝቅ አድርጉት። ፍጥነቱ ከጨመረ ወደ ኋላ የቀረው ካርዱ ነው፤ ካልጨመረ ግን ፕሮሰሰሩ ነው።