ለዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ተስማሚ ፕሮፔለር ስለ መምረጥ

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሐይቅ ከተማ ሲደርስ፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ሐይቅ ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ ያገኘዋል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ወደዚህ ውሃ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በጣና ደግሞ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞተር የታሰረባቸው የዓሣ ጀልባዎች ይሠራሉ። እንግዲህ አንድ የወጣቶች ማኅበር ተበድሮ ሞተር ቢገዛ፤ ሁሉም ሰው ስለ ሞተሩ ጉልበት ሲከራከር ከኋላው ስለምትዞረው ባለ ሦስት ክንፍ ብረት የሚጠይቅ አይገኝም። ነዳጁን የምትበላው ወይም የምታተርፈው ግን እርሷ ናት።

ፕሮፔለር በሁለት ቁጥር ይታወቃል። የመጀመሪያው የክቡ ስፋት ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ይኸውም ፕሮፔለሩ ልክ በእንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት ነው። ለምሳሌ ሞተሩ በደቂቃ 5500 ጊዜ ቢዞርና ማርሹ ይህን በግማሽ ቢቀንሰው፤ ፕሮፔለሩ 2750 ጊዜ ይዞራል። ፒቹ 9 ኢንች፤ ማለት 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፤ ጀልባው በሰዓት ወደ 38 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረበት። ነገር ግን ውሃ እንደ እንጨት አይጨብጥም፤ ይንሸራተታል። መረብና ዓሣ የጫነ ከባድ ጀልባ ከዚህ ሲሦውን ወይም ከዚያም በላይ ያጣል።

ፒቹ ትልቅ የሆነውን ፈጣን ነው ብሎ መግዛት፤ የተጫነ አይሱዙ የድልብን አቀበት በአራተኛ ማርሽ እንዲወጣ ማስገደድ ነው። ሞተሩ ያቃስታል፤ ይግላል፤ ነዳጅ ይጨርሳል፤ ጀልባው ግን አይፈጥንም። ፒቹ ከልክ በላይ ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ ያለ መጠን ይሽከረከራል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

በእኛ አገር አንድ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣናም 1800 ያህል። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው በሐይቅ ላይ 12 ያህል ብቻ ነው። ከሞተሩ ጋር በካርቶን የመጣው ፕሮፔለር ግን ብዙውን ጊዜ ለባሕር ዳርቻ የታሰበ ነው። ካርቡሬተሩም ለዚህ አየር ካልተስተካከለ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ይህን በመስኖ ላይ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያሠራ የሀብሩ ገበሬም ከጭሱ ያውቀዋል።

መፍትሔው በግምት አይደለም። ጀልባው እንደ ሥራ ቀን ይጫን፤ ሰዎቹ፣ መረቡ፣ የዓሣውም ክብደት በሙሉ። ከዚያ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶ ዙሩ በዙር መቁጠሪያ ይታይ። መመሪያው ከ5000 እስከ 6000 ይዙር ብሎ እያለ 4700 ላይ ከቀረ፤ ፒቹ ይቀነስ። አንድ ኢንች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለት ኢንች ቢቀንስ 5000ን በጥቂቱ ያልፋል፤ ሦስት ቢቀንስ ደኅና ይሆናል። ቀጥሎ ባዶውን ይሞከር፤ ምክንያቱም ጠዋት ባዶ ሲወጣ ከ6000 ቢያልፍ አሁንም ችግር ነው።

ለቀስተኛና ለከባድ ሥራ ሰፊ ክብና ትንሽ ፒች ይመረጣል። በእኔ አስተያየት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚያህል ሐይቅ ትልቅ ሞተር የሚፈልግ ካለ ለዓሣ ሳይሆን ለታይታ ነው።

ስለ ብረቱ ዓይነት ብዙ አልልም። አልሙኒየም ርካሽ ነው፤ ድንጋይ ቢመታ እርሱ ይጣመማል፤ ማርሹ ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። አንድ ትርፍ ፕሮፔለርና መፍቻ በጀልባው ውስጥ መያዝ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ዓሣ አጥማጅን የሚጎዳው የገዛ መረቡ ክር ነው። በፕሮፔለሩ ኋላ በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ የዘይት መከላከያውን ጎማ ይቆርጠዋል፤ ውሃም ወደ ማርሹ ይገባል። ስለዚህ በየጊዜው ፕሮፔለሩን ፈቶ ክሩን ማውጣት፤ የማርሹንም ዘይት ማየት ያሻል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ጎማው ሳይቀየር ጀልባው ወደ ውሃ አይመለስ።